«ሶል!»፦ የጥቁር አሜሪካውያን ጥበብ በሕዝብ ቴሌቪዥን፣ ከ1968 እስከ 1973

ሴፕቴምበር 12 ቀን 1968 ምሽት በኒው ዮርክ ከተማ በቻናል 13 «ሶል!» የተሰኘ የአንድ ሰዓት ዝግጅት በቀጥታ ስርጭት ተጀመረ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሙዚቃን፣ ግጥምን፣ ቲያትርን፣ ውዝዋዜንና የፖለቲካ ውይይትን በአንድ መድረክ የሚያቀርብ፣ መሪዎቹም እንግዶቹም በአብዛኛው ጥቁር አሜሪካውያን የሆኑበት ሳምንታዊ ዝግጅት ነበር። የመጨረሻው ክፍል ማርች 7 ቀን 1973 እስኪተላለፍ ድረስ ከ130 በላይ ክፍሎች ቀርበውበታል። ስለ «ሶል!» የሚጽፉ ሰዎች አዘውትረው የሚያነሡት የእንግዶቹን ዝና ነው፤ ዝናቸውም የሚካድ አይደለም። ይሁን እንጂ ለዛሬ አንባቢ ይበልጥ ማብራሪያ የሚያስፈልገው፣ እንዲህ ያለ ዝግጅት በዚያ ጊዜና በዚያ አገር እንዴት ሊፈጠር እንደቻለና እየተወደደ ሳለ ለምን እንደተቋረጠ ነው። መልሱን ለማግኘት የዝግጅቱ ገንዘብ ከየት ይመጣ እንደነበርና በመድረኩ ላይ የሚቀርበውን ማን ይወስን እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል።

በጊዜው የአሜሪካ ቴሌቪዥን በዋነኛነት በሦስት የንግድ ኩባንያዎች፣ ማለትም በኤን.ቢ.ሲ.፣ በሲ.ቢ.ኤስ. እና በኤ.ቢ.ሲ. እጅ ነበር። ገቢያቸው የሚመጣው ከማስታወቂያ ሲሆን፣ አስተዋዋቂው የሚከፍለው በተመልካች ብዛት ልክ ስለሆነ፣ በአገሪቱ ዙሪያ ሚሊዮኖችን የማይስብ ወይም አስተዋዋቂውን ከደንበኞቹ ያጣላል ተብሎ የሚፈራ ዝግጅት የስርጭት ሰዓት አያገኝም ነበር። ጥቁር አሜሪካውያን አርቲስቶች ጭራሹን አይታዩም ነበር ለማለት አይቻልም፤ ታዋቂ ዘፋኞች በትልልቆቹ የመዝናኛ ዝግጅቶች ላይ ይጋበዙ ነበር። ነገር ግን የሚሰጣቸው ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ዘፈን አያልፍም፤ ዘፍነው ሲጨርሱ ስለ ሥራቸውም ሆነ ስለ አገራቸው ምን እንደሚያስቡ የሚጠይቃቸው አልነበረም። «ሶል!» ከተጀመረ ከአምስት ቀን በኋላ ኤን.ቢ.ሲ. «ጁሊያ» የተባለውን አስቂኝ ተከታታይ ድራማ አስጀመረ። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ፣ በዳያን ካሮል የተተወነችው፣ ባሏን በቬትናም ጦርነት ያጣች ነርስ ነበረች፤ ጥቁር ሴት የቤት ሠራተኛ ሳትሆን ባለሙያ ሆና መቅረቧም በራሱ ትልቅ ለውጥ ነበር። የድራማው ፈጣሪና ዋና አዘጋጅ ግን ነጭ ሰው ነበር። ጥቁር አሜሪካዊን በቴሌቪዥን ማሳየትና ጥቁር አሜሪካውያን በቴሌቪዥን የሚቀርበውን ራሳቸው እንዲወስኑ ማድረግ በጣም የተራራቁ ነገሮች ናቸው፤ የ«ሶል!»ን ልዩነት ለመረዳትም ይህን ርቀት ልብ ማለት ያሻል።

የሕዝብ ቴሌቪዥን የሚባለው ከማስታወቂያ ስሌት ውጭ እንዲሠራ ታስቦ የተቋቋመ ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ ልዩ ልዩ ከተሞች ለትርፍ ያልቆሙ ትምህርታዊ ጣቢያዎች የነበሩ ሲሆን፣ የሚያስተዳድሯቸውም ዩኒቨርሲቲዎች፣ ትምህርት ቤቶችና የየአካባቢው ነዋሪዎች ቦርዶች ነበሩ። ከደጋፊዎቻቸው ሁሉ ትልቁ ለበጎ ዓላማ ገንዘብ የሚሰጠው ድርጅት ፎርድ ፋውንዴሽን ነበር። ቻናል 13 ራሱ አስቀድሞ የንግድ ጣቢያ ነበር፤ በ1962 ነው ደብልዩ.ኤን.ዲ.ቲ. በሚል መጠሪያ ወደ ትምህርታዊ ጣቢያነት የተለወጠው። በጃንዋሪ 1967 የካርኔጊ ኮሚሽን የተባለ የጥናት ቡድን የእነዚህን ጣቢያዎች የወደፊት ዕጣ የሚመለከት ሪፖርት አወጣ። ከምክሮቹ አንዱ፣ በአዳዲስ የቴሌቪዥን መቀበያዎች ሽያጭ ላይ ግብር ተጥሎ ገቢው ለሕዝብ ቴሌቪዥን ብቻ እንዲውል የሚል ነበር። በዚህ መንገድ የሚገኝ ገንዘብ በየዓመቱ የፖለቲከኞችን በጎ ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልገውም። በብሪታንያ ቢ.ቢ.ሲ. የሚተዳደረው ቴሌቪዥን ያለው ቤተሰብ ሁሉ በሚከፍለው የፈቃድ ክፍያ በመሆኑ፣ የካርኔጊ ምክርም ከዚህ አሠራር ጋር የሚቀራረብ ነበር።

ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ኖቬምበር 7 ቀን 1967 የፈረሙት ሕግ የሕዝብ ስርጭት ኮርፖሬሽንን አቋቋመ፤ የግብሩን ምክር ግን ሳይቀበል ቀረ። የኮርፖሬሽኑ በጀት በኮንግረስ እንዲጸድቅ ተደረገ። ይህ ውሳኔ በወቅቱ ዝርዝር ጉዳይ ቢመስልም፣ በኋላ በሕዝብ ቴሌቪዥን ላይ የደረሰው ችግር አብዛኛው የሚጀምረው ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ኮርፖሬሽኑ የራሱ ጣቢያ የሌለው፣ ዝግጅትም የማያመርት፣ የተመደበለትን ገንዘብ ለጣቢያዎችና ለአዘጋጆች የሚያከፋፍል አካል ነበር። ፒ.ቢ.ኤስ. የተባለው ድርጅት ደግሞ በ1969 ተቋቁሞ በኦክቶበር 1970 ሥራ ሲጀምር፣ ኃላፊነቱ አንዱ ጣቢያ ያዘጋጀውን ለሌሎቹ ማዳረስ ሆነ። የየከተማው ጣቢያም የተላከለትን ዝግጅት የማሳየትም ያለማሳየትም መብት አለው። ስለዚህ አንድ ተከታታይ ዝግጅት በመላ አገሪቱ እንዲታይ ገንዘብ የሚሰጠው አካል፣ የሚያዘጋጀው ጣቢያና የሚያሳዩት ጣቢያዎች ሁሉም መስማማት ነበረባቸው። ከሦስቱ አንዱ ካልተስማማ ሁለቱ ብቻቸውን ዝግጅቱን ሊያስቀጥሉት አይችሉም ነበር።

ሕጉ በወጣበት ዓመት በኒውዋርክ፣ በዲትሮይትና በሌሎችም ከተሞች ጥቁር አሜሪካውያን በሚኖሩባቸው ሰፈሮች ብርቱ ሁከት ተነሥቶ ነበር። ምክንያቱን እንዲመረምር በፕሬዚዳንቱ የተሾመውና በኢሊኖይ ገዥ በኦቶ ከርነር የተመራው ኮሚሽን ሪፖርቱን በ1968 መጀመሪያ ላይ ይፋ ሲያደርግ፣ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ለመገናኛ ብዙኃን ሰጠ። በዜና ሥራ ውስጥ በጋዜጠኝነት ሙያ ከተሠማሩት መካከል ጥቁሮቹ ከ5 በመቶ በታች፣ በአርታኢነትና በኃላፊነት ደረጃ ያሉት ደግሞ ከ1 በመቶ በታች መሆናቸውን ጠቅሶ፣ መገናኛ ብዙኃን አገሪቱን በነጮች ዐይን ብቻ እያዩ ይዘግባሉ ሲል ወቀሰ። ሪፖርቱ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ ኤፕሪል 4 ቀን ማርቲን ሉተር ኪንግ ተገደሉ። ጣቢያዎችና ፋውንዴሽኖች ለዓመታት ሲያመነቱበት የነበረውን ነገር በጥቂት ወራት ውስጥ ማድረግ የጀመሩት ከዚህ በኋላ ነው። በጁን 1968 «ብላክ ጆርናል» የተሰኘ የዜናና የዘጋቢ ፊልም ዝግጅት ለትምህርታዊ ጣቢያዎች ቀረበ፤ በጥቁሮች የተዘጋጀ ነው እየተባለ የበላይ ኃላፊው ነጭ በመሆኑ ግን ሠራተኞቹ በኦገስት ሥራ አቆሙ፤ በዚህም የተነሣ ዊልያም ግሪቭስ ዋና አዘጋጅ ሆኖ ተሾመ። «ሶል!» ሲጀመር በጥቁሮች ዝግጅት ላይ የሚወስነው ማን ነው የሚለው ጥያቄ በሁሉም ዘንድ የታወቀ ነበር።

የ«ሶል!»ን ሐሳብ መጀመሪያ ያነሣው በቻናል 13 የባህል ዝግጅቶች ላይ ይሠራ የነበረው ክሪስቶፈር ሉካስ ሲሆን፣ ያሰበውም በንግድ ጣቢያዎች ከሚታወቁት የሌሊት የእንግዳ ዝግጅቶች ጋር የሚመሳሰል፣ ለጥቁር ተመልካች የሚሆን ዝግጅት ነበር። ገንዘቡ በመጀመሪያ ከፎርድ ፋውንዴሽን ተገኘ። ዝግጅቱን ከታሰበው እጅግ የላቀ ያደረገው ግን በአዘጋጅነት የተቀጠረው ኤሊስ ሄይዝሊፕ ነው። ሄይዝሊፕ በ1929 በዋሽንግተን ተወልዶ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ከተማረ በኋላ ወደ ኒው ዮርክ ሄዶ የቲያትር ሰው ሆነ። የላንግስተን ሂውዝና የጄምስ ባልድዊን ተውኔቶች በአውሮፓ ሲዘዋወሩ በዝግጅት ኃላፊነት አብሮ ሠርቷል። ደራሲዎቹን፣ ተዋናዮቹን፣ ተወዛዋዦቹንና ሙዚቀኞቹን በቅርብ ያውቃቸው ስለነበር፣ ስልክ ደውሎ ሲጠራቸው የሚመጡት ለቴሌቪዥን ጣቢያው ብለው ሳይሆን ለእሱ ብለው ነው። ጣቢያው በገንዘብ ሊገዛው የማይችለው ሀብት ይህ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች የመሩት የሥነ አእምሮ ሐኪሙ አልቪን ፑሴይንት ሲሆኑ፣ ተዋናይና መምህርት ሎሬታ ሎንግም አብራቸው ትሠራ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሄይዝሊፕ ራሱ አቅራቢ ሆነ። የለመድነው የቴሌቪዥን አቅራቢ ዐይነት አልነበረም፤ ድምፁ ዝግ ያለ፣ አነጋገሩ ቁጥብ፣ እንግዳው ሲያስብ በጥያቄ የማያጣድፍ ሰው ነበር። ሌሎችም በየጊዜው የአቅራቢነቱን ቦታ እንዲይዙ ያደርግ ነበር። ከዝግጅት ክፍሉ ብዙዎቹ በንግድ ጣቢያዎች እንዲህ ያለ ኃላፊነት የማግኘት ዕድላቸው የጠበበ ወጣት ጥቁር ባለሙያዎችና ሴቶች ነበሩ። ከዳይሬክተሮቹ አንዱ የነበረው ስታን ላታን ከብዙ ዓመታት በኋላ ኤች.ቢ.ኦ. በተባለው የክፍያ ቴሌቪዥን በቀረበ የግጥም ንባብ ተከታታይ ዝግጅት ዳይሬክተርነት የሚታወቅ ሲሆን፣ ግጥም በቴሌቪዥን ተመልካች ሊኖረው እንደሚችል የተማረው እዚህ ነው ቢባል ማጋነን አይመስለኝም። የመድረክ ንድፍ ባለሙያው ቻርልስ ሮዝን ደግሞ በ1969 ለተጀመረው የልጆች ዝግጅት «ሰሳሚ ስትሪት»ም ይሠራ ነበር፤ ሎሬታ ሎንግ ስለዚያ ዝግጅት የሰማችው ከእሱ ሲሆን፣ በኋላም የአሜሪካ ልጆች ለትውልዶች ያወቋትን ሱዛንን ሆና ተወነች።

መድረኩ ተመልካቾች በቅርበት የሚቀመጡበት እንደ መሆኑ የሙዚቃ ክበብ እንጂ የቴሌቪዥን ስቱዲዮ አይመስልም ነበር። ካሜራው ዘፋኙን ካሳየ በኋላ ወደ ታዳሚው ፊት ይዞራል፤ አንዲት እናት ዐይኗን ጨፍና ስታዳምጥ፣ ወጣቶች ከገጣሚው ጋር ራሳቸውን ሲነቀንቁ ይታያል። እንደ እኔ አስተያየት ከዝግጅቱ ጥበባዊ ውሳኔዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ ምክንያቱም የንግድ ቴሌቪዥን ጥቁር ዘፋኝን በነጭ ታዳሚ ፊት ማቅረብ የለመደ ሲሆን፣ እዚህ ግን አርቲስቱ የሚናገረውን ያለ አስተርጓሚ በሚረዱት ሰዎች ፊት ይቆማል፤ እቤቱ ተቀምጦ የሚያየው ሰውም የትኛውም የቆዳ ቀለም ቢኖረው ከእነሱ ጋር እንደ ተቀመጠ እንግዳ ይሆናል።

የእንግዶቹ ስብጥርም ከሌላው የተለየ ነበር። ፓቲ ላቤልና ጓደኞቿ በመጀመሪያው ክፍል ላይ ዘፈኑ። በኋላ ስቲቪ ዎንደር፣ አል ግሪን፣ ቢል ዊዘርስ፣ ኧርዝ ዊንድ ኤንድ ፋየር፣ እንዲሁም በአንድ ጊዜ በርካታ የትንፋሽ መሣሪያዎችን የሚጫወተው ራሳን ሮላንድ ከርክ ቀርበዋል። ሃሪ ቤላፎንቴና ሲድኒ ፖይቲየር ስለ ሥራቸውና ስለ ጓደኝነታቸው ተወያይተዋል። ሙሐመድ ዓሊ፣ ገጣሚው አሚሪ ባራካ፣ ልብ ወለድ ማሳተም ከጀመረች ገና ጥቂት ዓመት የሆናት ቶኒ ሞሪሰን፣ የእስልምና ሰባኪው ሉዊስ ፋራካንም ተጋብዘዋል። የመጨረሻዎቹ ገጣሚዎች የተባሉት የኒው ዮርክ ወጣቶች በከበሮ ታጅበው፣ የንግድ ጣቢያ ቆርጦ ሊያወጣው የሚችለውን ቃል ሳይቀር፣ ግጥማቸውን እንደ ጻፉት አሰምተዋል። አንድ ክፍል ደግሞ ቲቶ ፑዌንቴን የመሳሰሉ ሙዚቀኞችን በማቅረብ የኒው ዮርክን የላቲን ሙዚቃና ከጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ጋር ያለውን ዝምድና አሳይቷል። በአንድ ምሽት ሶል የሚባለውን የጥቁር አሜሪካውያን ዘፈን፣ ጃዝ፣ ዘመናዊ ውዝዋዜና የፖለቲካ ሙግት ሲከታተሉ ተመልካቹ የሚረዳው፣ ተቺዎች በየሣጥኑ የለያዩት ይህ ሁሉ በአንድ ሕዝብ ኑሮ ውስጥ አብሮ የኖረ መሆኑን ነው።

ሁለት ክፍሎችን የያዘው የጄምስ ባልድዊንና የኒኪ ጆቫኒ ውይይት ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል። በኖቬምበር 1971 ለንደን ውስጥ ተቀርጾ በዲሴምበር ተላለፈ። ባልድዊን 47 ዓመቱ፣ ለረጅም ጊዜ በፈረንሳይ የኖረ፣ በዓለም የታወቀ ደራሲ ነበር፤ ጆቫኒ 28 ዓመቷ ሲሆን በመብት ትግሉ አዲስ ትውልድ ዘንድ የምትወደድ ገጣሚ ነበረች። ሁለት ሰዎች ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሲጋራ እያጨሱ፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ እምነት፣ ስለ ጽሕፈት፣ ከሁሉም በላይ ስለ ጥቁር ወንድና ጥቁር ሴት ግንኙነት ይነጋገራሉ። ባልድዊን የአባወራን ሸክም፣ ሥራና ክብር የተነፈገ ወንድ በቤቱ ውስጥ የሚሆነውን ሲያስረዳ፣ ጆቫኒ ያንን እንደምትረዳ፣ ነገር ግን የዚያ ሁሉ ምሬት ማረፊያ ሴቲቱ የምትሆንበት ምክንያት እንደማይታያት ሳትለሳለስ ትመልስለታለች። በዕድሜ ታናሽ መሆኗ አያስጎነብሳትም፤ እሱም ታላቅነቱን ለማሸነፊያ አይጠቀምበትም። ሁለቱም በሐሳባቸው ሳይስማሙ እየተደማመጡ ይቀጥላሉ። በማስታወቂያ የሚተዳደር ጣቢያ ያለ ዘፈን፣ ያለ ሥዕል፣ ያለ መቆራረጥ ሁለት ሰዓት ለሁለት ጸሐፊዎች ንግግር ሊሰጥ አይችልም ነበር፤ የሕዝብ ቴሌቪዥን ለምን እንዳስፈለገ በንድፈ ሐሳብ ከማስረዳት ይልቅ ይህን ውይይት ማሳየት ይበቃል። ንግግሩ በ1973 በመጽሐፍ መልክ ታትሟል።

አንባቢ «ሶል!»ን «ሶል ትሬን» ከተባለው የውዝዋዜ ዝግጅት ጋር እንዳያምታታ ማስገንዘብ ያስፈልጋል። «ሶል ትሬን» በ1970 በቺካጎ ተጀምሮ ከ1971 ጀምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች የተዛመተ የንግድ ዝግጅት ሲሆን፣ ዋና አስተዋዋቂው የጥቁሮችን የፀጉር ቅባት የሚያመርት፣ ባለቤቶቹም ጥቁሮች የሆኑ ኩባንያ ነበር። ያ ዝግጅት ለአሠርት ዓመታት መቆየት የቻለው የራሱ ገበያ ስለነበረው ነው። «ሶል!» እንዲህ ያለ ገበያ አልነበረውም፤ በባሕርይውም ሊኖረው አይችልም ነበር።

በ1970 ቻናል 13 ከብሔራዊው ትምህርታዊ ቴሌቪዥን ድርጅት ጋር ተዋህዶ ደብልዩ.ኤን.ኢ.ቲ. የሚለውን መጠሪያ ያዘ። «ሶል!»ም ከኒው ዮርክ አልፎ በፒ.ቢ.ኤስ. በኩል በሌሎች ከተሞች መታየት ሲጀምር፣ ወጪው ከፎርድ ፋውንዴሽን በተጨማሪ በሕዝብ ስርጭት ኮርፖሬሽን ድጎማ ላይ የተንጠለጠለ ሆነ። ተመልካች በበዛ ቁጥር ዝግጅቱ ይጠናከራል ብሎ ማሰብ ተገቢ ይመስላል፤ በዚህ አሠራር ግን የተመልካች ብዛት በቀጥታ ገንዘብ አያመጣም። እንዲያውም ዝግጅቱ ወደ ብሔራዊ ስርጭት ባደገ መጠን ዕጣው በዋሽንግተን ለሚደረግ ውሳኔ ይበልጥ ተጋለጠ።

የፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን አስተዳደር በሕዝብ ቴሌቪዥን ላይ የነበረው ቅሬታ በዋነኛነት ያነጣጠረው በዜናና በፖለቲካ ትንተና ዝግጅቶች ላይ ነበር። በ1971 ሁለት የታወቁ ጋዜጠኞች፣ ሳንደር ቫኖከርና ሮበርት ማክኒል፣ ለሕዝብ ቴሌቪዥን መቀጠራቸው ቅሬታውን ወደ ቁጣ ለወጠው። በዚያው ዓመት በኦክቶበር የቤተ መንግሥቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ፖሊሲ ኃላፊ ክሌይ ዋይትሄድ፣ የሕዝብ ቴሌቪዥን ከማዕከል ከሚመራ ይልቅ የየአካባቢው ጣቢያዎች ጉዳይ መሆን አለበት ሲሉ ንግግር አደረጉ። ሐሳቡ ለአካባቢ ነፃነት የቆመ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ትናንሽ ጣቢያዎች ብቻቸውን ሊያዘጋጇቸው የማይችሏቸውን ብሔራዊ ዝግጅቶች ማዳከም ነበር። ጁን 30 ቀን 1972 ኒክሰን ለኮርፖሬሽኑ በሁለት ዓመት 155 ሚሊዮን ዶላር የሚፈቅደውን ሕግ ውድቅ አደረጉት። በኋላ የጸደቀው የአንድ ዓመት 45 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነበር።

በጀቱ ሲጠብብ ኮርፖሬሽኑ ማንን አስቀርቶ ማንን እንደሚጥል መምረጥ ነበረበት፤ «ሶል!» ለቀጣዩ ዓመት ገንዘብ ካላገኙት መካከል ሆነ። ፎርድ ፋውንዴሽንም በበኩሉ ለሕዝብ ቴሌቪዥን ይሰጥ የነበረውን እርዳታ ደረጃ በደረጃ ለመቀነስ ወስኖ ነበር። ዝግጅቱን በስም ጠቅሶ ያገደው ባለሥልጣን አለመኖሩ ነገሩን ቀላል አያደርገውም። ለባህል የሚመደብ ገንዘብ በየዓመቱ በድርድር የሚገኝ ሲሆን፣ ሲቀነስ መጀመሪያ የሚጎዱት በቦርድ ስብሰባ ላይ ጠበቃ የሌላቸው ናቸው፤ በ1973ም በእነዚያ ቦርዶች ላይ የተቀመጡ ጥቁር አሜሪካውያን በጣም ጥቂት ነበሩ። ስለዚህ የከርነር ኮሚሽን ስለ አርታኢዎችና ስለ ኃላፊዎች ቁጥር የጻፈው ወቀሳ በማያ ገጹ ላይ ብዙ ለውጥ ከታየ በኋላም ገንዘብ በሚደለደልበት ክፍል ውስጥ እንዳለ ቀጥሎ ነበር ማለት ነው። «ብላክ ጆርናል» በሌላ መንገድ ተረፈ፦ በኋላ መሪው የሆነው ቶኒ ብራውን በ1977 በስሙ ሰይሞት በፔፕሲ ኩባንያ ድጋፍ ወደ ንግድ ጣቢያዎች ወሰደው።

ይህ አሠራር እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በመሠረቱ ሳይለወጥ ቆይቷል። በዋሽንግተን፣ በሎስ አንጀለስ ወይም በሲያትል የሚኖር ኢትዮጵያዊ የሕዝብ ቴሌቪዥን ሲመለከት በዝግጅቶች መካከል የሚሰማው የልገሳ ጥሪና የፋውንዴሽኖች ስም ዝርዝር መነሻው ኮንግረስ በ1967 ቋሚ የገቢ ምንጭ ሳያበጅ በመቅረቱ ነው። በጁላይ 2025 ኮንግረስ ለኮርፖሬሽኑ ተመድቦ የነበረውን ወደ 1.1 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ሲሰርዝ፣ ኮርፖሬሽኑ ሥራውን አጠናቅቆ ለመዘጋት መጀመሩን በቀጣዩ ወር አስታወቀ።

ኤሊስ ሄይዝሊፕ በ1972 በኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር የጥቁር አሜሪካውያንን ጥበብ በዚያ ትልቅ የኪነ ጥበብ ማዕከል ያቀረበ ፌስቲቫል አዘጋጅቶ ነበር፤ ዝግጅቱ ከቆመ በኋላም በባህል ሥራ ቀጥሎ በ1991 ዐርፏል። በ2018 ዘመዱ ሜሊሳ ሄይዝሊፕ ስለ እሱና ስለ ዝግጅቱ የሠራችው ዘጋቢ ፊልም አዲስ ትውልድ «ሶል!»ን እንዲያውቅ አድርጓል። በዚያ ዘመን የቪዲዮ ቴፕ ውድ ስለነበር ጣቢያዎች በቀረጹበት ላይ ደግመው መቅረጽ የተለመደ ነበር፤ ከ«ሶል!» ክፍሎችም ሁሉም አልተረፉም። ከተረፉት መካከል በኢንተርኔት የሚገኙ አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ ሰው የምመክረው በየማኅበራዊ ገጹ የሚዘዋወሩትን የአንድና የሁለት ደቂቃ ቁራጮች ትቶ የባልድዊንንና የጆቫኒን ውይይት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዲያይ ነው፤ ምክንያቱም ጆቫኒ የምትሰነዝረው መልስ ክብደቱ የሚታወቀው ባልድዊን ከእሱ በፊት ለብዙ ደቂቃ የተናገረውን የሰማ ሰው ሲያደምጠው ነው።